ደሴት፣ የወይን እርሻ፣ ታሪክ፦ ግሪክ ድረስ ሳንሄድ ዝዋይ ላይ ያለውን እንወቅ

ቲክቶክ ላይ ስክሮል ስታደርጉ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ባህር፣ ዳገቱ ላይ የወይን ተክል። ከሥሩ ደግሞ "አንድ ቀን እሄዳለሁ" የሚል ኮሜንት ተደርድሯል። ቪዛው፣ ትኬቱና ሆቴሉ ሲሰላ ግን ያ "አንድ ቀን" ለአብዛኞቻችን በጣም ሩቅ ነው።

እኛስ አገር እንዲህ ያለ ቦታ የለም ወይ? ማለትም ደሴት ያለው፣ አጠገቡ ወይን የሚበቅልበት፣ የቆየ ታሪክ የሚነገርበት ቦታ?

አለ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በሐዋሳ መንገድ ላይ፣ ዝዋይ። ከካራቆሬ ተነስቶ አዲስ አበባ ለደረሰ ሰው የቀረው መንገድ ከመጣበት ያጠረ ነው። ግን ስለ ዝዋይ ስንጠየቅ አብዛኞቻችን የምናውቀው ዓሣውን ብቻ ነው። ለምን እንደዚህ ሆነ? ደሴቶቹስ ላይ ምን አለ? እንይ።

መጀመሪያ፦ የግሪኮቹ ደሴት እንዴት ታዋቂ ሆነ?

ለንጽጽር እንዲመቸን ሳሞስን እንውሰድ። ሳሞስ ኤጂያን ባህር ላይ ያለች የግሪክ ደሴት ናት። ስፋቷ 477 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው የፓይታጎረስ ቲዎረም ባለቤት፣ ፓይታጎረስ፣ የተወለደው እዚያ ነው፤ ከዛሬ 2,500 ዓመት በፊት።

በዚያው ዘመን አካባቢ አንድ መሐንዲስ ለከተማዋ ውሃ ለማምጣት ተራራ በስቶ ዋሻ አስቆፈረ። ርዝመቱ 1,036 ሜትር ነው። የሚገርመው ከሁለቱም ጫፍ ተጀምሮ መሐል ላይ መገናኘቱ ነው። ጣርማበር ላይ የምናልፍበትን ዋሻ አስቡት። እሱ ከዚህ ያጠረ ነው፤ ያውም ጣሊያን በወረራው ዘመን በዘመናዊ መሣሪያ የሠራው። የሳሞሱ ግን በመዶሻና በመሮ ነው። ይህ ዋሻ ያለበት ጥንታዊ ከተማ በፈረንጆቹ 1992 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ወይኑስ? የሳሞስ ገበሬዎች ሙስካት የሚባለውን ነጭ ወይን ተራራው ላይ በእርከን ይተክላሉ። አንዱን ዓይነት ፍሬውን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ወደ ዘቢብነት ሲጠጋ ጨምቀው ጣፋጭ ወይን ጠጅ ይሠሩበታል።

ለዛሬው ጨዋታችን ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በ1934 (በፈረንጆቹ) የደሴቷ ወይን ገበሬዎች ተሰባስበው የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሳሞስን ወይን የሰበሰበው፣ የጠመቀውና ለዓለም የሸጠው ይኸው የገበሬዎች ማኅበር ነው። ስለዚህ ቱሪስት መጥቶ አንድ ጠርሙስ ሲገዛ ከገንዘቡ ድርሻ ያለው ዳገቱ ላይ ያለው ገበሬ ራሱ ነው። ወይኑን ለመቅመስ የመጣው ዋሻውን ያያል፣ ዋሻውን ለማየት የመጣው ወይኑን ይገዛል። አንዱ ሌላውን ይስባል።

ይህን ያዙልኝና ወደ ዝዋይ እንሂድ።

ሐይቁና አምስቱ ደሴቶች

ዝዋይ ደምበል ሐይቅም ይባላል። የከተማው ስም ደግሞ ዛሬ ባቱ ነው፤ ታፔላ ላይ "ባቱ" ስታዩ ተሳስታችሁ እንዳትወርዱ ወይም እንዳታልፉ። ሐይቁ ከባህር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ማለት ሐይቁ ሳሞስን ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው።

ውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፈንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ጌሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ስሙ በኦሮምኛ "ትልቅ ተራራ" እንደማለት ነው። ሌላ ስሙ ደብረ ጽዮን ነው።

ደብረ ጽዮን ለምን ተባለ? በደሴቱ የሚነገረው ትውፊት እንዲህ ነው። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ። ሐይቁ ውስጥ ገብተው ቱሉ ጉዶ ላይ ተጠለሉ። ታቦቱ 70 ዓመት ያህል እዚያ ከቆየ በኋላ አገር ሲረጋጋ ወደ አክሱም ተመለሰ። ይህ ትውፊት ነው፤ በቁፋሮ ወይም በሰነድ የተረጋገጠ ታሪክ አይደለም። ግን ደሴቱ ላይ ያለችው የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያንና በውስጧ የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት በዓይን የሚታዩ ናቸው።

የደሴቶቹ ሰዎች ዘይ ይባላሉ። በትውፊታቸው መሠረት ሁሉም በአንድ ጊዜ አልመጡም። ከአክሱም የመጡ አሉ፣ ከሸዋ የመጡ አሉ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ የተጠለሉም አሉ። በአጭሩ ደሴቶቹ ለብዙ መቶ ዓመታት የመሸሸጊያ ቦታ ነበሩ ማለት ነው። ከዳር ጠብ ሲነሳ ውሃው አጥር ይሆናል።

ቋንቋቸው ዘይኛ ነው። የሴም ቋንቋ ሲሆን የቋንቋ አጥኚዎች ከስልጥኛ፣ ከወለኔኛና ከሐረሪ ጋር ይመድቡታል። ሰዎቹ በዓሣ ማስገርና በሽመና ይታወቃሉ። በእርከን እርሻም እንዲሁ፤ ደሴት ላይ መሬት ጠባብ ስለሆነ ዳገቱን በድንጋይ ደርድረው ያርሱታል። ሳሞስ ላይ ገበሬው የሚያደርገውን ዘዴ እነሱም ያውቁታል።

ወይኑ ከየት መጣ?

አብዛኞቻችን ወይን የምናውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጠርሙሱ ነው፤ አዋሽ ወይን ለምሳሌ የቆየ ነው። ሌላው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለቁርባን የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ነው የሚዘጋጀው። ትልቅ የወይን ማሳ ግን ያየ ሰው ጥቂት ነው።

ዝዋይ አጠገብ ያለው የወይን እርሻ የካስቴል ነው። ካስቴል የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት ቢጂአይም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከፈረንሳይ ችግኝ አምጥተው ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ተከሉ፦ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ። ወይኑ ገበያ ላይ የወጣው በፈረንጆቹ 2014 ነው፤ ስሙ አካሺያና ሪፍት ቫሊ። ከማሳው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል። ለውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ጅብ፣ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገቡ ነው!

ወይን የቀዝቃዛ አገር ተክል አይደለም ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። አውሮፓ ውስጥ ክረምት ሲገባ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ ሲሞቅ ይነቃል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ስለዚህ ተክሉን የሚያስተኛውና የሚያነቃው ገበሬው ነው፤ መቼ እንደሚገረዝና መቼ ውሃ እንደሚያገኝ ይወስናል። ከፍታውም ይረዳል። 1,600 ሜትር ላይ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀን ላይ ፍሬው ስኳር ይሠራል፣ ሌሊቱ ደግሞ ኮምጣጤነቱ ጭራሽ እንዳይጠፋ ያግዘዋል። ጥሩ ወይን የሚወጣው ከሁለቱ ሚዛን ነው።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ይህ የመጠጥ ማስታወቂያ አይደለም። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በእምነታቸው ምክንያት አልኮል አይቀምሱም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረትም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። እኛ የምናወራው ስለ እርሻውና ስለ ቦታው ነው። ወይን ሳይጠጡ የወይን ማሳ ማየት ይቻላል፤ ፍሬውንም መብላት እንዲሁ።

ታዲያ ምን ጎደለ?

እስቲ እንቁጠር። ደሴት አለ። ታሪክ አለ። የወይን እርሻ አለ። አስፋልት አለ። አራቱም ነገር በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ነው ያለው። ሳሞስ ላይ የጎደለ እዚህ የለም ማለት ይቻላል።

የጎደለው ማያያዣው ነው።

ወይኑ የኩባንያው ነው፣ ታሪኩ የደሴቱ ነው፣ ጀልባው የሌላ ሰው ነው። ጠርሙሱ ላይ "ሪፍት ቫሊ" የሚለውን የሚያነብ ሰው ስለ ዘይ ሕዝብ ምንም አይነገረውም። ቱሉ ጉዶ ላይ ብራና የሚጠብቁት አባት ከወይኑ እርሻ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ወደ ሐዋሳ ለመዝናናት የሚሄደው ሰው ደግሞ ዝዋይ ላይ ዓሣ በልቶ፣ አባ ኮዳ ከሚባሉት ወፎች ጋር ፎቶ ተነስቶ ያልፋል። ጀልባ ላይ የሚወጣው ጥቂት ነው።

ኩባንያውን ለመውቀስ አይደለም። ኩባንያ ወይን ሊሸጥ ነው የመጣው፤ ለብዙ መቶ ሰዎችም ሥራ ሰጥቷል። ግን ሳሞስ ላይ ገበሬው ራሱ ባለቤት ስለሆነ ደሴቲቱን ማስተዋወቅ ወይኑን ማስተዋወቅ ነው። ዝዋይ ላይ ግን ደሴቱ ባዶ ቢሆን የወይኑ ሽያጭ አይነካም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ደሴቱ ባዶ ቢሆን ስንል ደግሞ ዝም ብለን አይደለም። ዘይ ወጣቶች ወደ ዳር መውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ገበያው፣ ሆስፒታሉ፣ ከፍ ያለው ትምህርት ቤት ዳር ነው ያለው። ዳር የወጣ ልጅ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል፤ ዘይኛ ቤት ውስጥ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያም ይረሳል። ተናጋሪዎቹ በሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ ቋንቋ ነው፤ ይህ እንዴት እንደሚያልቅ መገመት አይከብድም።

በነገራችን ላይ ደሴት ስለሆነ ብቻ ሁሉም ነገር ሙዚቃና ፀሐይ አይደለም፤ ሳሞስም ላይ ቢሆን። ደሴቷ ከቱርክ ዳርቻ በጠባቡ ቦታ ከ2 ኪሎ ሜትር በታች ስለምትርቅ በጎማ ጀልባ የሚሻገሩ ስደተኞች መግቢያ ናት። ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ወጣቶችም በዚያ መስመር አልፈዋል፤ መሐል ላይ የቀሩም አሉ። ስልካችን ላይ የምናየው ያው ሰማያዊ ባህር ነው። ወንድም እህቶቻችን በየመን በኩል ሲሄዱ የምናይ እኛ ይህን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገንም።

ሐይቁ ራሱ አደጋ ላይ ነው

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም። በአማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር አካባቢ ነው። እንደ ሰፊ ትሪ አስቡት። ከጥልቅ ጉድጓድ አንድ ሜትር ውሃ ቢቀንስ ላይታወቅ ይችላል። ከትሪ ላይ አንድ ሜትር ሲቀንስ ግን ዳርቻው ሁሉ ደረቅ መሬት ይሆናል።

ውሃው ከሁለት ወንዞች ይመጣል፤ መቂና ከታር። የሚወጣው በቡልቡላ ወንዝ ሲሆን ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይፈስሳል። ዛሬ ግን ወንዞቹ ላይም፣ ሐይቁ ዳርም ብዙ የመስኖ ፓምፕ አለ፤ ለቲማቲም፣ ለሽንኩርት፣ ለአበባ። እያንዳንዱ ገበሬ የሚወስደው ትንሽ ነው። ድምሩ ግን ትልቅ ነው። ውጤቱ መጀመሪያ የታየው ታች ነው፦ አቢጃታ ክፉኛ ሸሽቷል። የድሮ ዳርቻውና የዛሬው ውሃ በጣም ተራርቀዋል።

በዚህ ላይ የማዳበሪያና የፀረ ተባይ ኬሚካል በጎርፍ ወደ ሐይቁ ይገባል። ጣና ላይ የምናውቀው እምቦጭም ዝዋይ ደርሷል። ዓሣ አስጋሪው መረቡን ሲጥል እምቦጭ ይይዝበታል፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚራቡበት ጥግ ይሸፈናል።

ሐይቁ ከሌለ ደሴት የሚባል ነገር የለም። ውሃው ከሸሸ ቱሉ ጉዶ ተራራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለዘመናት ሰው፣ መጽሐፍና ቋንቋ የጠበቀው አጥር ያ ውሃ ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ

1. መንገድ፦ ከካራቆሬ፣ ከአጣዬ ወይም ከሸዋሮቢት በደብረ ብርሃን አድርጋችሁ አዲስ አበባ ትገባላችሁ። እዚያ ማደር ይሻላል። በማግስቱ ከቃሊቲ መናኸሪያ በሞጆ፣ በመቂ አድርጎ ባቱ። ከሞጆ ባቱ ያለው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አሳጥሮታል። የመንገድ ፀጥታ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ፌስቡክ ላይ ባያችሁት ብቻ አትነሱ።

2. ጀልባ፦ ቱሉ ጉዶ ከከተማው ራቅ ስለሚል በሞተር ጀልባም ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ይረብሻል። በቡድን ከሆናችሁ ሒሳቡ ይቀልላል። ዋጋውን መሄጃና መመለሻ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጨርሱ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ዋና የምትችሉም ብትሆኑ!

3. ውሃው፦ አትዋኙበት። ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ጉማሬም አለ።

4. ደሴቱ ላይ፦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጫማ አውልቁ፣ ነጠላ ያዙ። ብራናውን ለማየት ካህናቱን በአክብሮት ጠይቁ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ፈቃድ። ፍላሽ በፍጹም።

5. ገንዘባችሁ፦ በጣም ወሳኙ ይህ ነው። መሪ ከደሴቱ ልጆች ያዙ። ምሳ እዚያው ከተገኘ እዚያው ብሉ። የሽመና ሥራ ካያችሁ ግዙ። ዳር ላይ ብቻ ከፍላችሁ ደሴቱን በነፃ አይታችሁ ከተመለሳችሁ ደሴቱ ምንም አልተጠቀመም።

6. የወይን እርሻው፦ የግል ድርጅት ግቢ ነው። ዝም ብሎ መግባት አይቻልም፤ አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ለእኛ ለይፋቶች ምን አገባው?

ብዙ ነገር። ዘይኛ ያለበትን ሁኔታ ስንሰማ ሩቅ አገር ሊመስለን አይገባም። እኛው ጋ አርጎብኛ አለ። አርጎብኛ ለአማርኛ በጣም የቀረበ ቋንቋ ነው፤ እህቱ ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ይፋት ውስጥ አብዛኛው አርጎባ አማርኛ ነው የሚናገረው። ቋንቋው ጠንክሮ የቀረው ከሚሴ አካባቢ ባሉት ሾንኬና ጦለሃ ነው። ለምን እዚያ ቀረ? ተራራ ላይ ስለሆኑ። ለዘይ ውሃው የሆነውን ለሾንኬ ገደሉ ሆነለት።

ታሪክም ቢሆን አላጣንም። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ይፋት የወላስማዎች ሱልጣኔት መቀመጫ ነበረች። ኖራ፣ አስበሪና መሳል የሚባሉት ቦታዎች ላይ የዚያን ዘመን የድንጋይ ከተሞችና መስጊዶች ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ባለፉት 20 ዓመታት ገደማ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው አጥንተው በውጭ አገር ጽፈውባቸዋል። ከካራቆሬ ወይም ከሸዋሮቢት ሄዶ ያያቸው ወጣት ስንት ነው?

ቦታ በራሱ ጊዜ ታዋቂ አይሆንም። ሳሞስም የታወቀችው ዋሻ ስላላት ብቻ አይደለም፤ ገበሬዎቿ ማኅበር አቋቁመው የራሳቸውን ነገር በራሳቸው እጅ ስለያዙ ጭምር ነው። ዝዋይ ላይ ዓሣ አስጋሪው፣ ጀልባ ነጂው፣ ቄሱ፣ ሸማኔዋ በአንድ ማኅበር ቢሰባሰቡ፣ የወይን እርሻው ደግሞ እንግዶቹን ወደ ደሴቱ ቢልክ የዘይ ልጅ ደሴቱ ላይ ለመቆየት ምክንያት ይኖረዋል። እኛም ጋ ሽንኩርትና ማሾ ብቻ ጭነን ወደ አዲስ አበባ ከምንልክ ሰው ወደ እኛ የሚመጣበትን ምክንያት አብረን ብናስብ አይከፋም።

ለዚህ መነሻው ማወቅ ነው። እናንተ ሰፈር፣ እናንተ ቀበሌ ያለ የቆየ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ፍርስራሽ ወይም አያቶቻችሁ ብቻ የሚያውቁት ቋንቋና ታሪክ አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሽማግሌ ካለ ድምፁን ቅረጹልን። የሚቀጥለውን ጽሑፍ ከእናንተ በሚመጣው እንጀምራለን።